በጥቁር ኮፈን ላይ የሸረሪት ድር

ጥቁር መኪና የሚገዛ ሰው ወይ ባለሥልጣን ነው ወይ ሞኝ። ባለሥልጣኑ የሚያጥብለትና የሚወለውልለት ሰው አለው። እኔ ሮቤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆንኩ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ሮቤ እንግዲህ በስንዴ ማሳ የተከበበች ከተማ ናት። በታኅሣሥና በጥር ኮምባይነሩ ማሳው ላይ ሲዞር እብቁና አቧራው ተነሥቶ መጥቶ ከተማው ላይ ይተኛል፤ የፈረስ ጋሪውና ባጃጁ ደግሞ የተኛውን መልሰው ይቀሰቅሱታል። በእንዲህ ያለ አገር ጥቁር መኪና መግዛት ነጭ ሱሪ ለብሶ ጭቃ ሊያቦኩ እንደመሄድ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው።

የምናገረው ግን ስለ አቧራው አይደለም፤ አቧራ ይታጠባል። የምናገረው አቧራው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ስለሚቀረው ነገር ነው። መኪናዋ ንጹሕ ሆና ፀሐይ ላይ ስትቆም ኮፈኗ ላይ፣ በሮቿ ላይ፣ የኋላ ክዳኗ ላይ ክብ ክብ የሆነ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ይወጣል። አንዱ ክብ አንዱን ይዞ፣ ያም ሌላውን ይዞ ማለቂያ የለውም። ጥላ ውስጥ አይታይም። ደመና ሲሆንም አይታይም። ፀሐይ ወጥቶ ሰው ቆሞ ሲያይ ብቻ ነው የሚታየው። የጋራዥ ሰዎች የሸረሪት ድር ይሉታል።

ታናሽ ወንድሜ ያየው ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ጎባ ያስተምራል፤ ሙሽራዋም የጎባ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ እዚያ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው። አንድ እሑድ መኪናዋን አጥበን ግቢ ውስጥ አቁመናት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መንገድ ሊረከብ እንደመጣ መሐንዲስ ዞራት። ከዚያ ኮፈኗ ላይ ጎንበስ አለና «ይኼ ምንድን ነው? በሽቦ ነው እንዴ የምታጥባት?» አለኝ። ቀጥሎም እንደዋዛ «ለምን ከሻሸመኔ ነጭ መኪና አንከራይም?» አለ። ነጭ መሆን አለበት፣ ረዥም መሆን አለበት፣ አበባውም ከፊት ለፊት እንደ ቄጠማ መጎዝጎዝ አለበት። ዘንድሮ እንዲህ ካልሆነ ያገቡ አይመስላቸውም።

የተነካው የእኔ ኩራት ብቻ ቢሆን ተከራይ ብዬ እገላገል ነበር። ጉዳዩ የአባታችን ነበር። አባታችን፣ ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከነበረችበት ዘመን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሹፌር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ የሰው መኪና ነዱ። የስንቱን አለቃ ልጅ ሠርግ አድርሰው ውጭ ቆመው ጠበቁ። የራሳቸው የሚሉት ብስክሌት እንኳ አልነበራቸውም። እኔ ይህችን ከእኔ በፊት ሦስት ባለቤት የቀያየረች ጥቁር መኪና ይዤ የመጣሁ ቀን፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ «አባባ፣ ይቺ የእርስዎ ናት» አልኳቸው። ሰው አጨበጨበ። እሳቸው ቁልፉን ገልበጥ አድርገው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት። የወንድሜ ሠርግ በተቆረጠ ዕለት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት፤ «ልጄን ነድቼ ጎባ አደርሰዋለሁ፤ ሙሽራዋንም ይዤ እመለሳለሁ። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልይዝም» አሉ።

የኪራይ መኪና ደግሞ ከነሹፌሩ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወንድሜ ነጭ መኪና ካስመጣ አባታችን በራሳቸው ልጅ ሠርግ የሌላ ሹፌር ጀርባ እያዩ ከኋላ ሊቀመጡ ነው። ወንድሜን ለብቻው ወስጄ «ጭረቱን ባጠፋልህስ?» አልኩት። «ካጠፋህማ ምን ከፋኝ!» አለ፤ ግን የቀልድ ፈገግታ ነበር ፈገግ ያለው። እልህ የያዘኝ ያን ጊዜ ነው።

ምክር ሮቤ ውስጥ በነጻ ይገኛል፤ ጥራቱም በዋጋው ልክ ነው። በመሥሪያ ቤታችን መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የመኪና ሐኪም ሆነ። አንዱ በናፍጣ ወልውላት አለኝ። አንዱ አመድ በጨርቅ ቋጥረህ እሻት አለኝ፤ ድስት መስላው ይሆናል። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ ግን ከሁሉም የበለጠ እርግጠኛ ነበር። የጥርስ ሳሙና ነው መድኃኒቱ አለ። የአክስቱ ልጅ አዲስ አበባ እንዲህ አድርጎ መኪናው መስታወት ሆነች። የአክስቱ ልጅ መኪና ምን ዓይነት ቀለም እንዳላት ስጠይቀው ብርማ ናት አለኝ። ብርማ መኪና ላይ በምስማር ብትጽፍም የሚያነበው የለም፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

የኋላ ግራ በሯን መረጥኩ። ግማሽ የጥርስ ሳሙና ጨርሼ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ሳጥበው የሸረሪት ድሩ ቦታው ላይ አለ፤ በሩ ግን ጉም የወረደበት መስሎ ደብዝዟል፤ በበሩ ጠርዝና በእጀታው ሥር የገባው ነጭ ሳሙና ደግሞ ደርቆ በጥርስ ብሩሽ እንኳ አልወጣ አለ። ሳምንት ሙሉ መኪናዬ አፉን ታጥቦ የመጣ ሰው ትሸት ነበር። ባልደረባዬ ሲሰማ «እንግዲህ የሳሙናው ዓይነት ይሆናል» አለ። የዚህ አገር ምክር ሰጪ መቼም አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሳሙናው ነው።

ስልክም አየሁ። ስልኬ ላይ ጥርሱ ከመኪናው ይበልጥ የሚያበራ አንድ ፈረንጅ፣ ሐኪም ቤት የመሰለ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ ሰባት ጠርሙስ ደርድሮ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። ውሃው ከቧንቧው ሲወርድ ላየው ሰው ያንን ውሃ መጠጣት ያምረዋል። እኛ ጋ ቧንቧዋ በሳምንት ሁለት ቀን ስትመጣ ከመኪና በፊት የሚታጠብ ብዙ ነገር አለ። ሰባቱን ጠርሙስ ትቼ የሰውየውን ሁለት ቃል ብቻ ያዝኩ፤ ጭረቱን የሚፈጥረው አጣጠቡ ነው አለ። አጣጠቡ! ነገሩ ፍንትው ብሎ በራልኝ። ወንጀለኛውን አገኘሁት፤ ላቫጆው ነው።

የላቫጆው ባለቤት መኪና ሲታጠብ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ የሚያይ ሰው ነው። ስፖንጁ ጠጠር ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንሥቶ ሳያጥበው ነው የሚቀጥለው። ሄጄ ገና ከመኪና ሳልወርድ ጀመርኩት። «አንተ ነህ መኪናዬን ያበላሸሃት! በአሸዋ ነው የምታጥቡት!» አልኩት። ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ አፌ ይሰላል፤ ይህ የቆየ በሽታዬ ነው። የአገሩን ባለሙያ ሁሉ፣ ከባትላሜራው እስከ ልብስ ሰፊው፣ አንድ በአንድ ጠርቼ ዘለፍኩት።

ሰውየው ከወንበሩ አልተነሣም። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «መኪናህ እኔ ጋ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የምትመጣው። አሥራ አራቱን ቀን ማን ጋ ናት?»

መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነበር፤ አልሰማሁትም። «እዚህ ደጃፍ ብደርስ እግሬ ይሰበር» ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ። ከኋላዬ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረና ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦሮምኛ ከአማርኛዬ አይተናነስም፤ የተናገረው ምን እንደሆነ ግን እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ቁም ሳጥንና የሙሽራ አልጋ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። የሠሩት ቁም ሳጥን በር ላይ ፂም መላጨት ይቻላል። ለማጥሪያ የሚጠቀሙበት ልስልስ ያለ ፖሊሽ እንዳላቸው አውቃለሁና፣ ከዚያ ትንሽ ይሰጡኝ እንደሆን ብዬ መኪናዋን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ የመነጽራቸውን ክር አንገታቸው ላይ አስተካክለው ወጡና እንደ ልማዳቸው እንዴት አደርክ ልጄ ብለው በኦሮምኛ ጀመሩኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ። ሙሽራ ልታመጡ ነው አሉ፣ ማሻአላህ።»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ሐጂ። ሙሽራዋ እንኳ ትመጣለች፤ የምትመጣበትን ነው ያጣነው። ይህን ቆሻሻ ይዩልኝ።»

ኮፈኗን በፀሐይ አንጻር አዩ። ተቀምጠው አዩ። ጥፍራቸውን ጭረቱ ላይ አሳለፉት፤ አልያዘም። «ቆሻሻ አይደለም» አሉ። «ጭረት ነው፤ ጭረት በሳሙና አይለቅም። ደግ ነው፣ ጥልቅ አይደለም፤ ከላይ ከላዩ ነው። አቧራ ማለት ምን ማለት ነው? ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። እኔ ብርጭቆ ወረቀት የምገዛው በገንዘብ ነው፤ እናንተ በነጻ ከሜዳ እየመጣላችሁ መኪናችሁን ትፈጉበታላችሁ።»

«ላቫጆው ነው ሐጂ! ነግሬዋለሁ፤ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ።»

«ዲሲ፣ ዲሲ» አሉ፤ ተወው ማለታቸው ነው። «ጣሪያዋን አይተሃል?»

የገዛ መኪናዬን ጣሪያ አይቼ አላውቅም። የሥራ በርጩማቸውን አመጡልኝና ወጣሁ። የጣሪያው ዙሪያ፣ አንድ ክንድ ያህል ገባ እስኪል ድረስ፣ ድሩ ተወጥሮበታል። መሃሉ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ አንድ ጭረት የለውም።

«ላቫጆ መሃሉን ትቶ ዙሪያውን ብቻ ያጥባል?» አሉ ሐጂ ከታች። «ይህን የጠረገ ሰው እጁ መሃል አይደርስም። አጭር ነው፤ ወይም ዕድሜ ጎንበስ አድርጎታል። ደግሞ ኢልማ ኮ፣ በየቀኑ ነው የሚጠርጋት። ይወዳታል።»

«መውደዱን በምን አወቁ?»

«ያልወደደ ሰው ይህን ያህል አይደክምማ።»

በርጩማው ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። በየማለዳው አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የምሰማው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ሽር፣ ሽር፣ ሽር። አባቴ ናቸው። መኪናዋ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት ሳይዘሉ፣ ከሹፌርነት ዩኒፎርማቸው ሱሪ በተቀደደ ካኪ፣ በደረቁ፣ የሌሊቱን አቧራ እያሹ ያስለቅቋታል። ክብ ክብ እያደረጉ ነው የሚጠርጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ካኪውን ናፍጣ ጠብ ያደርጉበታል። እኔ ደግሞ ያንን ድምፅ እየሰማሁ «ምርቃት ነው» እያልኩ ወደ ሌላኛው ጎኔ እገላበጣለሁ። ሰውን ሁሉ ደንቆሮ ስል የከረምኩት ሰውዬ፣ መኪናዬ በየቀኑ ስትፋቅ እያዳመጥኩ ነው የምተኛው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይህንን ነው፤ ያውም እኔ አህያውን አላየሁትም።

ለአባቴ ግን ሥራው እንዲያ ነበር። አለቃ ከቤቱ ሲወጣ መኪናው ማብረቅ አለበት፤ በጎባ የማለዳ ብርድ ውሃ ላፍስስ ቢባል መስታወቱ ላይ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ የጎባ ሹፌሮች በደረቅ ካኪ ነው የሚወለውሉት፤ ጎበዝ ሹፌር የሚባለውም በጣም ያሸው ነው። መኪኖቹ ደግሞ ወይ ነጭ ነበሩ ወይ አረንጓዴ፤ ቢጫሩም አያሳብቁም። አባቴ ሠላሳ ዓመት በዚህ ተመስግነውበታል።

ሐጂ ፊቴን አይተው ገባቸው። «አባትህ ናቸው አይደል?» አሉኝ። «እንዳትነግራቸው። ዋላሂ እንዳትነግራቸው። እጅ አይቀየርም፣ ጨርቅ ይቀየራል።» ገብተው አንድ ለስላሳ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይዘው መጡ። «ይህንን ስጣቸውና ካኪው አርጅቷል በላቸው። መጀመሪያ ውሃ ከላይ ይፍሰስላት፣ ቀጥሎ በዚህ ይንኳት። ሌላውን አትናገር።»

አራት ቀን ከሥራ ስወጣ ሐጂ ዳስ ሥር ሠራሁ። ፀሐይ ላይ ፖሊሽ ይደርቅና ሌላ ጣጣ ያመጣል አሉኝ፤ ስለዚህ ጥላ። ሁለት ባልዲ ያዝኩ፤ በአንዱ ሳሙናው፣ በአንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት። የለቀለቅኩበት ባልዲ ሥር የተቀመጠውን አሸዋ ሳይ እስከዛሬ በምን እንደታጠበች ገባኝ። ከዚያ የቁም ሳጥን ፖሊሹን በአሮጌ ካናቴራ ሽንብራ የምታህል ጠብ እያደረግኩ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ፣ ክብ ሳይሆን ቀጥ ቀጥ አድርጌ አሸሁ። መጀመሪያ የታች ፓራፋንጎ ጥግ ላይ፣ ማንም የማያየው ቦታ ሞከርኩ፤ ከጥርስ ሳሙናው የተማርኩት ይህችን ብቻ ነው። ሐጂ ከበግ ቆዳ ቆርጠው ፀጉሩን አጥበው አንድ መፈግፈጊያ ሠሩልኝ። «አትጫን። ቀለሙ ስስ ነው፤ ብትጫን ከጭረቱ ጋር ቀለሙም ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። እኔ በተፈጥሮዬ የምጫን ሰው ነኝ። ያልተጫንኩባቸው አራት ቀኖች እነዚያ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በአራተኛው ቀን ሰም ቀብተን ወደ ፀሐይ አወጣናት። ጥልቅ ጥልቆቹ ጥቂት ጭረቶች ቀርተዋል፤ የጥርስ ሳሙናው በር እንኳ ዓይኑን ገልጧል። ድሩ ግን የለም። ኮፈኗ ላይ የሐጂ ዳስ ቆርቆሮ፣ ከኋላውም ተራራው፣ ከላይም ደመናው ተገልብጦ ይታያል። ለወንድሜ ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። «የሻሸመኔውን ተውኩት፤ አባባ ይንዱ» ብሎ መለሰልኝ። ደስ አለኝ፤ የደስታዬ ግማሽ ግን ስላሸነፍኩት ነበር። የላቫጆውን ሰውዬ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኩትም። በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ።

ነጩን የጥጥ ጨርቅ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። ዛሬ እሰጣቸዋለሁ እላለሁ፣ ሰው ይመጣል፤ ማታ እላለሁ፣ ይደክመኛል። እስከዚያ መኪናዋን ሐጂ ግቢ አቆየኋት። ሠርጉ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ቤት አመጣኋት፤ ዳስ ጥለናል፣ ከገጠር ዘመድ መጥቷል። በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ሙሉ ሰው ቁርስ ላይ ሳለ ከቤት ስወጣ አባቴ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሌሊቱን አቧራ አድሮባታል። ካኪውን ይዘው ክብ ክብ ያደርጋሉ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር።

ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሐጂ ያሉኝም ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አፌ ግን ሁለቱንም ቀደማቸው።

«ተዉ! ይልቀቁ! ይልቀቁ እባክዎ!» ብዬ ጮህኩ። «እርስዎ ነዎት እኮ የጨረሷት! ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መኪና ሲፍቁ ኖረው አልበቃ ብሎዎት ነው አሁን የእኔን መኪና የሚፍቁት?»

አንዷ አክስቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። አባቴ ቀና አሉ። ወደ ሰዉ አላዩም፤ ወደ እኔ ነው ያዩት፤ የተቆጡም አልመሰሉኝም። «ያንተን?» አሉ። ካኪውን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፉት፤ ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት ገቡ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌ ሲያመልጥ ግን ያን ቀን በግልጽ ታወቀኝ፤ ልመልሰው አልቻልኩም እንጂ።

አልነዳም ይላሉ ብዬ ስፈራ አደርኩ። በሠርጉ ጠዋት ስወጣ አባቴ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ፂማቸውን ተላጭተው መኪናዋ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዕዳ የወረደልኝ መሰለኝ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ» ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «መነሻችን ስንት ሰዓት እንዲሆን ይፈልጋሉ?»

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም። ለእኔ ነው። ተወልጄ፣ ጡት ጥዬ፣ አርባ ዓመት አልፎኝ እስክሸብት አንተ ብለው ያሳደጉኝ አባቴ እርስዎ አሉኝ። አሽሙር ቢሆን በሰማሁት ነበር፤ አሽሙር የእኔ ሙያ ነው፤ አውቀዋለሁ። አሽሙር አልነበረም። ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ ትሑት፣ የሥራ ድምፅ ነበር። ሠላሳ ዓመት በየማለዳው በአለቃ ደጃፍ ሲናገሩበት የኖሩት ድምፅ መሆን አለበት፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ነዱ። አነዳዳቸውን ላየ ሰው ዓይናቸው ደክሟል ብሎ የሚያምን የለም። ወንድሜ ከነሚዜው ከኋላ፣ እኔ ከፊት አጠገባቸው ሆነን ወደ ጎባ ስንሄድ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። የሙሽራዋ አባት ወጥተው ኮፈኗን አይተው «አዲስ ናት እንዴ?» አሉ። ወንድሜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አባቴ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ፣ መረቁ፣ ልጃቸውን አቅፈው ሳሙ፣ ሙሽራዋን «ልጄ» አሏት። ለሁሉም አባት ነበሩ። በመልስ መንገድ ላይ ብቻ፣ ጭፈራውና ጥሩምባው መሃል፣ ማንም በማይሰማበት ድምፅ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አቧራው እንዳይገባብዎ መስኮቱን ልዝጋው?» አሉኝ። «ይዝጉት አባባ» አልኩ።

በሳምንቱ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አለቀስኩም፤ አልዋሽም። ሐጂም መጥተው ከጎኔ ቆመው ለመኑልኝ። አባቴ ወዲያው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው አነሡኝ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። ነጩን የጥጥ ጨርቅ ሰጠኋቸው፤ አገላብጠው አይተው «ጥሩ ጨርቅ ነው» አሉ። ሐጂም እየመረቁ ሄዱ። እኔም አለቀ ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ያንን ድምፅ ስጠብቅ ቀረ። ተነሥቼ በሩን ስከፍት አባቴ ጨርቁን በአንድ እጃቸው፣ የውሃ ባልዲውን በሌላው ይዘው ደረጃው ሥር ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም፤ ብርዱ አፍንጫቸውን አቅልቶታል።

«እንዴት አደሩ» አሉኝ። «መኪናዎን ልጥረግልዎ?»

ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ይጠይቁኛል። እኔም ሌላ ምን እላለሁ፣ «ይጥረጉ አባባ» እላለሁ። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ።